ለጓሮ የጣውላ ወለል የትኛው እንጨት ይሻላል?

ሰላም ቤተሰብ፣ እንጨት የምታውቁ እስኪ አንድ በሉኝ። ባህር ዳር ጣና ዳር ነን፣ ግቢ ውስጥ ቡና የምንጠጣበት ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ የጣውላ ወለል ላሰራ አስቤ፣ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይዞ ነው የሚከርመው፣ ምስጡማ አይጣል ነው። በመድኃኒት የተነከረ የፈረንጅ ጥድ ይሻላል ብዬ ነበር ግን ሻጩ "ተነክሯል" እያለ የሚያሳየኝ ላዩን ብቻ የተቀባ ነው የሚመስለው። መድኃኒቱ በግፊት እንጨቱ ውስጥ የገባ ከሆነ እኮ ሲቆረጥ የመድኃኒቱ አረንጓዴ ቀለም ወደ ውስጥ ዘልቆ መታየት አለበት አይደል? አናጢው ደሞ የተቃጠለ ዘይት ቀባው ይበቃል ይላል፣ ልጆች በባዶ እግራቸው የሚሮጡበት ላይ እንዴት አድርጌ! የሐበሻ ጥድ ምስጥ እንደማይደፍረው አውቃለሁ፣ ዋጋው ነው የማይቀመሰው። እና ለታች ተሸካሚው ብቻ የሐበሻ ጥድ፣ ለላዩ የተነከረው ቢሆንስ? የተቆረጠው ጫፍ እንደገና መድኃኒት ይቀባል ሲባልም ሰምቻለሁ፣ እዚህ ምኑን ነው የምትቀቡት? በጣውላዎቹ መሀል ለውሃ ስንት ሚሊ ክፍተት ልተው? መድኃኒቱ አርሴኒክ ያለበት ከሆነስ ለልጆች አይከብድም? የሰራችሁ ካላችሁ ፎቶም ላኩልኝ በናታችሁ፣ አናጢው ሰኞ ይመጣል።