ኦፕቲካል ወይስ ኮአክሲያል? የትኛውን ኬብል ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቲቪዬንና የዲስክ ማጫወቻዬን ከአምፕሊፋየር ጋር ላገናኝ ነው። ቲቪው ያለው ኦፕቲካል መውጫ ብቻ ነው። ማጫወቻው ግን ኦፕቲካልም ኮአክሲያልም አለው። ኦፕቲካል በብርሃን ስለሚሠራ ድምፁ ይበልጣል የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው? ውድ ኬብልስ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በድምፅ ጥራት አይበላለጡም። ሁለቱም የሚያስተላልፉት ሶኒና ፊሊፕስ ያወጡትን ኤስፒዲፍ የሚባል ዲጂታል ሲግናል ነው። ኮአክሲያሉ በመዳብ ሽቦ በኤሌክትሪክ ይልከዋል፤ ኦፕቲካሉ ደግሞ በቀጭን የፕላስቲክ ክር ውስጥ በቀይ ብርሃን። ኬብሉ ችግር ካለበት ድምፁ ይቆራረጣል፣ ይንጫጫል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ቤዙ ቀነሰ፣ ድምፁ ደበዘዘ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ለውድ ኬብል ገንዘብህን አታውጣ።

መልስ፦ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ኮአክሲያል መዳብ ስለሆነ የሁለቱን ዕቃዎች ግራውንድ (የኤሌክትሪክ የመሬት መስመር) ያገናኛል። በዚህ ምክንያት አንዳንዴ ከስፒከሩ «እምምም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ይመጣል። እኔ ቤት ደርሶብኛል፤ በጣም ያበሳጫል። ኦፕቲካል ስቀይር ወዲያው ጠፋ። ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያልፍበት ነው።

መልስ፦ እኔ ለማጫወቻው ኮአክሲያል ይሻላል ባይ ነኝ። ጠንካራ ነው፤ ቢጎተትም ቢታጠፍም ይችላል። ኦፕቲካል ከቁም ሳጥን ጀርባ በኃይል ከታጠፈ ውስጡ ይሰበራል። ደግሞ 24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርዝ የሆነ፣ ማለትም ከሲዲ የላቀ ጥራት ያለው ሙዚቃ ካለህ ኮአክሲያል በደንብ ያሳልፈዋል፤ ብዙ ኦፕቲካል መግቢያዎች ግን 96 ኪሎኸርዝ ላይ ያበቃሉ። ከመግዛትህ በፊት የድሮውን ቢጫ የቪዲዮ ገመድ ሞክረው። እሱም እንደ ኮአክሲያሉ 75 ኦም (የገመዱ የኤሌክትሪክ መለኪያ) ስለሆነ ለአጭር ርቀት ይሠራል። ብቻ አምፑ ላይ ኮአክሲያል ዲጂታል የሚለው ቀዳዳ ላይ ሰካው፤ ቀዩና ነጩ የአናሎግ ናቸው።

ጠያቂው፦ በጣም አመሰግናለሁ! እንግዲያው ቲቪውን በኦፕቲካል፣ ማጫወቻውን በኮአክሲያል አደርጋለሁ። ፊልም ላይ 5.1 ድምፅ (በአምስት ስፒከርና በአንድ የቤዝ ስፒከር ዙሪያህን የሚሰማ) አገኛለሁ?

መልስ፦ ዶልቢ ዲጂታልና ዲቲኤስ የሚባሉት የ5.1 ድምፅ ዓይነቶች በሁለቱም ኬብሎች ያልፋሉ፣ አምፑ የሚፈታቸው ከሆነ። ማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የድምፅ መውጫውን ከፒሲኤም (ማጫወቻው ራሱ ፈትቶ የሚልከው) ወደ ቢትስትሪም (ሳይፈታ ለአምፑ የሚልከው) ቀይረው። ፒሲኤም ላይ ከተውከው ስቴሪዮ ብቻ ነው የሚመጣው። ማጫወቻውን በቲቪው በኩል አለማዞርህ ጥሩ ነው። ከሌላ ዕቃ የገባውን 5.1 በኦፕቲካል ሲያወጡ ወደ ስቴሪዮ የሚቀንሱ ቲቪዎች አሉ። ዶልቢ ትሩኤችዲ የሚባለውን የበለጠ ጥራት ያለው ድምፅ ከፈለግህ ግን ሁለቱም አይችሉትም፤ ለሱ ኤችዲኤምአይ ያስፈልግሃል።

መልስ፦ ኦፕቲካሉን ስትሰካ ጫፎቹ ላይ ያሉትን ትናንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ማውለቅ እንዳትረሳ። ቲቪውን አብርተህ አንዱን ጫፍ ብቻ ሰካ። በሌላኛው ጫፍ ቀይ ብርሃን ከታየ ቲቪው እየላከ ነው፤ ኬብሉም ብርሃኑን እያሳለፈ ነው። ያኔ ድምፅ ካጣህ አምፑ ላይ የመረጥከውን መግቢያ እይ።