የካናዳ ታሪክ አሳይመንት፦ አንድ ፎቶና አንድ ሰርተፊኬት ተሰጥቶኝ ምን ልጻፍ?

ብርድ የለመደች፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዊኒፔግ ነው የምማረው። የካናዳ ታሪክ ኮርስ ወስጄ ጉዴ ፈልቷል። እኔ የጠበቅሁት የጠቅላይ ሚኒስትሮች ስም መሸምደድ ነበር። አስተማሪያችን ግን ሁለት ነገር ሰጥታን «እነዚህ ምን ያስረዳሉ? ምንስ አያስረዱም?» ብላ ሄደች። አንዱ በ1885 (ዓመቱ በፈረንጅ ነው) የባቡር ሐዲዱ የመጨረሻ ችንካር ሲመታ የተነሳ ፎቶ ነው። ሌላው አንድ ቻይናዊ 500 ዶላር ከፍሎ ሲገባ የተሰጠው ሰርተፊኬት። ፎቶውን ባየው ባየው «ጢማም ሽማግሌዎች» ከማለት ሌላ ምንም አልመጣልኝም። ታሪክ የተማራችሁ ካላችሁ እባካችሁ።

መዝገብ ገላጭ፦
እህቴ፣ ከጢሙ መጀመርሽ ጥሩ ነው። ጢሙ የማን ነው? መዶሻ የያዘው ዶናልድ ስሚዝ ነው፤ ሐዲዱን ካሠራው ከካናዲያን ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ ዳይሬክተሮች አንዱ። ከኋላው ረጅም ባርኔጣ ያደረገው መሐንዲሱ ሳንድፎርድ ፍሌሚንግ ነው። ቦታው ብሪትሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ክሬጌላኪ፣ ቀኑ ኖቬምበር 7። እንግዲህ ባለቤቶቹ ራሳቸው መሃል ላይ ቆመው የተነሱት ነው።

አሁን ደግሞ ማን እንደቀረ እይ። በዚያ ክፍለ ሀገር ተራራ ሲፈነቅሉ ከኖሩት ቻይናውያን (ወደ 15 ሺህ ይገመታሉ) አንድም ሰው አይታይም። ደግሞ ስሚዝ መጀመሪያ የመታው ችንካር ተጣሞበት በሌላ ተተክቷል። ይሄን ፎቶው አይነግርሽም፤ በቦታው የነበሩ ሰዎች ናቸው የተናገሩት። የቀን ሠራተኞቹም ባቡር ሲጠብቁ ለራሳቸው ሌላ ፎቶ ተነስተዋል። እሱን ፈልጊና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ። እኔ በበኩሌ የሠራተኞቹን እወደዋለሁ፤ ማንም አልተኮፈሰም።

ሰርተፊኬቱ ላይ ደግሞ ቆይታ አድርጊ። ሐዲዱ ባለቀበት በዚያው ዓመት መንግሥት በሚገባ ቻይናዊ ላይ የ50 ዶላር ታክስ ጣለ። በ1900 መቶ ሆነ፣ በ1903 ደግሞ 500። ይህ ለአንድ ሠራተኛ የሁለት ዓመት ደመወዝ ገደማ ነው። ወረቀቱን የሠራው፣ ሰው ለመቆጣጠር የፈለገ ቢሮ ነው። ስለዚህ ወረቀቱም ሆነ ቢሮው የያዘው መዝገብ የሚጠይቁት ያንኑ ነው፦ ዕድሜ፣ የትውልድ መንደር፣ የገባበት ወደብ፣ ቁመት፣ ፊት ላይ ያለ ጠባሳ። ገንዘቡን ከማን እንደተበደረ የሚጠይቅ ሳጥን የላቸውም። መዝገቦቹ ኦታዋ፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ አሉ። በነፃ ኢንተርኔት ላይ ይፈለጋሉ። ስሙን ጸሐፊው እንደሰማው ስለጻፈው በስም ብቻ ከፈለግሽ ታጪዋለሽ። በሰርተፊኬቱ ቁጥር ሞክሪ።

ማዶ ሰፈር፦
ይቅርታ ግን ወረቀቱ ሁሉ የመንግሥት ከሆነ፣ ፎቶውም የሀብታም ከሆነ፣ ታሪክ የሚባለው ተረት ነው ማለት ነዋ! በአፍ የሚወራውንማ ማን ያምነዋል?

መዝገብ ገላጭ፦
ወንድሜ፣ የብሪትሽ ኮሎምቢያ ዳኛም እንዳንተው ብለው ነበር። የአገሩ ቀደምት ነዋሪ የሆኑት የጊትክሳንና የዌትሱዌቴን ሕዝቦች መሬታችን ነው ብለው ሲከራከሩ ሽማግሌዎቻቸው የየቤታቸውን (የየዘራቸውን) ታሪክ ፍርድ ቤት ተናገሩ፤ አንዲት እናት በዜማ ጭምር። በ1991 ዳኛው ለዚህ ራሱን የቻለ ክብደት ሳይሰጡት ቀሩ። በ1997 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚሁ፣ ዴልጋሙክ በሚባለው ጉዳይ ያንን ሻረው፤ የአፍ ታሪክም ከሰነድ እኩል ይመዘን አለ።

ይመዘን ነው ያለው፤ ዝም ብሎ ይታመን አላለም። ያ ታሪክ የሚነገረው ድግስ ላይ፣ ሌሎች ቤቶች በእንግድነት ተቀምጠው እየሰሙ ነው። የሰው ተራራ የራሴ ነው የሚል ካለ እዚያው «ኧረ ተው!» የሚለው አያጣም። የታክስ ጸሐፊውን ግን ማንም አጠገቡ ቆሞ አላረመውም።

ብርድ የለመደች፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ግን የተፈቀደልን ሁለት ገጽ ብቻ ነው። መዝገቡንም ከፍቼ ሳየው ከ1923 በኋላ የገባ ሰው ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል። መምጣት ሰልችቷቸው ነው ልበል?

መዝገብ ገላጭ፦
በፍጹም! በዚያ ዓመት ጁላይ 1 ታክሱ ቀርቶ በሩ ራሱ ተዘጋ። ሕጉ እስከ 1947 ሲቆይ የገቡት ከ50 አይበልጡም ይባላል። ሚስቱን መንደር ትቶ የመጣ ሰው እዚህ ለብቻው አረጀ። ሁለት ገጽ ከሆነማ ፎቶውን በአንድ አንቀጽ አሳልፊውና የቀረውን ለዚህ ባዶ ገጽ ስጪው። ሕጉን ከመዝገቡ አጠገብ አድርገሽ አንብቢ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይነበብም።