ቢኤምአይ እኔን «ወፍረሃል»፣ እህቴን «ጤናማ ነሽ» ይላል፤ የቱን ልመን?

ጥያቄ ከ«ማለዳ»፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሥራ ቦታ የጤና ምርመራ ተደርጎልን ቁመቴ 1.76 ሜትር፣ ክብደቴ 84 ኪሎ ሆነ፤ ቢኤምአይ (ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር) 27.1 ወጣ። ወረቀቱ ላይ «ከመጠን ያለፈ ክብደት» ተብሎ ተጽፎልኛል። ዕድሜዬ 41 ነው፤ በሳምንት አራት ቀን ብረት አነሳለሁ። እህቴ ቁመቷ 1.60፣ ክብደቷ 58 ኪሎ ነው። የእሷ 22.7 ስለመጣ «ጤናማ» ተባለች። ነገር ግን እጅና እግሯ ቀጭን ሆኖ ቦርጭ አላት፤ እንቅስቃሴም አታደርግም። ነገሩ የተገላቢጦሽ መሰለኝ። በስልክ መተግበሪያ ደግሞ የ9 ዓመት ወንድ ልጄን (1.32 ሜትር፣ 33 ኪሎ) ሳሰላው 18.9 «ጤናማ» አለኝ። ይህ መለኪያ ይታመናል? ካልታመነስ በምን እንለካ?

መልስ ከ«ቁጥር ወዳድ»፦

መጀመሪያ ቁጥሩ ከምን እንደሚወጣ እንይ። ክብደትን በኪሎ ይዘህ ለቁመትህ በሜትር ሁለት ጊዜ ታካፍለዋለህ፦ 84 ÷ 1.76 ÷ 1.76 = 27.1። ሌላ የተደበቀ ነገር የለም። ስብም፣ ጡንቻም፣ አጥንትም፣ ውሃም ሚዛን ላይ ሲወጣ ያው ኪሎ ነው።

ቀመሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከቤልጅየማዊው የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ ከአዶልፍ ኬትሌ ነው። ሰውዬው የሚያጠናው «አማካይ ሰው» ምን ይመስላል የሚለውን ነበር፤ በሽተኛ መለየት ሐሳቡም አልነበረም። ያደጉ ሰዎች ክብደት በቁመታቸው ካሬ ልክ ከፍ እንደሚል አየና ጻፈው። ዛሬ የምንጠራበትን ስም የሰጡት አሜሪካዊው አንሴል ኪይስና ባልደረቦቹ ናቸው፣ በ1972። እነሱም የፈለጉት ብዙ ሕዝብ ለማነጻጸር የሚመች ቀላል ስሌት ነበር። ስለዚህ የሺህ ሰዎችን አማካይ ሲነግርህ ጎበዝ ነው፤ የአንድ ሰው ገላ ላይ ሲመጣ ይንሸራተታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ድንበሮች እነዚህ ናቸው፦ ከ18.5 በታች ክብደት ያነሰው፣ እስከ 24.9 ጤናማ፣ ከ25 እስከ 29.9 ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት። መስመሮቹን ያሰመረው ሰው ነው፣ ሰውም ያንቀሳቅሳቸዋል። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1998 ድረስ የክብደት መብዛት መነሻው ለወንድ 27.8፣ ለሴት 27.3 ነበር። በዚያ ዓመት ወደ 25 ሲወርድ ብዙ ሕዝብ አንድ ግራም ሳይጨምር ምድቡ ተለወጠ። የአንተም 27.1 በድሮው መስመር ከ«ጤናማ» ጎን ነበር። ለእስያ ሕዝቦች ደግሞ የድርጅቱ ባለሙያዎች በ2004 ተጨማሪ የጥንቃቄ ነጥቦችን 23 እና 27.5 ላይ አስቀምጠዋል፤ በዝቅተኛ ቢኤምአይም ስኳርና የልብ ሕመም ስለሚታይባቸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቁመትን በካሬ ማካፈሉ ራሱ ትንሽ ያዛባል። በጣም ረጅም ሰው ከሆነው በላይ ወፍራም፣ በጣም አጭር ሰው ከሆነው በላይ ቀጭን መስሎ ይወጣል።

መልስ ከ«ሲስተር ቲ»፦

ወንድም ማለዳ፣ ስለ ድንበሩ ከመከራከራችን በፊት ልኬቱ ትክክል ይሁን። በየቀኑ የምናየው ስህተት እዚህ ላይ ነው።

ቁመት፦ ጫማ አውልቁ። ተረከዝ፣ መቀመጫና ጀርባ ግድግዳ ይንኩ፣ ዓይን ቀጥ ብሎ ወደፊት ይይ። ሌላ ሰው ጠርዙ ቀጥ ያለ መጽሐፍ ግድግዳው ላይ አስደግፎ አናት ላይ ጫን ያድርግና ከሥሩ በእርሳስ ምልክት ያድርግ። መታወቂያ ላይ ያለውን ቁመት አትመኑ። 72 ኪሎ የሆነ ሰው ቁመቱ 1.68 ሆኖ 1.70 ነኝ ቢል 25.5 የነበረው 24.9 ይሆናል፤ በሁለት ሴንቲሜትር ምድቡን ተሻገረ ማለት ነው። ጠዋትና ማታም አንድ ሴንቲሜትር ያህል ልዩነት አለ።

ክብደት፦ ሚዛኑ ጠንካራ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ምንጣፍ ላይ ያሳስታል። ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከተሄደ በኋላ፣ ምንም ሳይበላ፣ በስስ ልብስ። በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎ ከፍና ዝቅ የሚለው ውሃና ምግብ ነው፤ አያስደንግጣችሁ።

ቀጥሎ የሁለታችሁንም የወገብ ልክ እፈልጋለሁ። ያለ እሱ ጥያቄህ መልስ የለውም።

«ማለዳ»፦

አመሰግናለሁ ሲስተር። የሱሪዬ ቁጥር 34 ነው፣ የእሷ 31። በሴንቲሜትር 86 እና 79 ይመጣል።

«ሲስተር ቲ»፦

የሱሪ ቁጥር አይሆንም። ጨርቁ ብዙ ጊዜ ከተጻፈበት ይሰፋል፤ ቦርጭ ያለው ሰው ደግሞ ሱሪውን ከቦርጩ በታች ነው የሚያስረው፣ ሆዱ ከላይ ሳይለካ ይቀራል።

እንዲህ አድርጉ። ልብሱን ገልጣችሁ በጎን በኩል በጣት ዳብሱ፤ ከላይ የመጨረሻውን የጎድን አጥንት፣ ከታች የዳሌ አጥንትን ጫፍ ታገኛላችሁ። የሁለቱ መካከል ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ፣ በሌላውም ጎን እንዲሁ። ሜትሩ በሁለቱ ነጥቦች ላይ ይለፍ፤ ከኋላ እንዳይወርድ መስታወት ፊት ቁሙ ወይም ሰው ይያዝላችሁ። ቆዳውን ይንካ እንጂ አይሰርጉድ። እንደወትሮው ተንፍሱና አየሩ ሲወጣ አንብቡ። ሆድ መሳብ የለም። ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ከተለያየ ሦስተኛ ጊዜ።

«ማለዳ»፦

እንደተባለው ለካን። እኔ 85፣ እህቴ 87።

መልስ ከ«ዶ/ር ሀ»፦

አሁን ጉዳዩ ወለል ብሎ ታየ። ወገብን ለቁመት አካፍሉ፦ አንተ 85 ÷ 176 = 0.48፣ እህትህ 87 ÷ 160 = 0.54። የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2022 ያወጣው ምክር ወገብ ከቁመት ግማሽ እንዳይደርስ ነው፤ ከ0.4 እስከ 0.49 ደህና፣ ከ0.5 እስከ 0.59 አደጋው የጨመረ፣ 0.6 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ። ወገብን ለብቻው ካያችሁም በዓለም ጤና ድርጅት መስመር ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲሜትር ሲያልፍ አደጋው ይጀምራል፤ ከ88 እና ከ102 ሲያልፍ በጣም ይጨምራል። እህትህ 87 ላይ ናት። «ጤናማ» የሚለው ማኅተም በትክክል መመርመር ያለባትን ሰው ነው ያሳለፈው፤ ይህን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት።

ቦርጭ ለምን ከሌላው ስብ ይለያል? ዳሌና ጭን ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀመጠው ስብ በአብዛኛው ረጋ ያለ ነው። ሆድ ውስጥ በአንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ግን የሚለቀው ቅባት በደም ሥር ቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት ስብ ይይዛል፣ ኢንሱሊን ሥራው ይደክማል፣ የደም ስኳርና ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት ከፍ ይላል። ይህ ሁሉ ሚዛን ላይ አይታይም።

ለእህትህ፦ የደም ግፊት፣ በባዶ ሆድ የደም ስኳር፣ ኤ1ሲ (የሁለት ሦስት ወር አማካይ የደም ስኳር) እና የደም ቅባት ምርመራ ታሠራ። በባዶ ሆድ ስኳር ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር የቅድመ ስኳር ደረጃ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ ከተገኘ ስኳር በሽታ ነው። ኤ1ሲ 5.7 በመቶ ከደረሰ ክትትል ይጀመራል። ትራይግሊሰራይድ 150 እና ከዚያ በላይ፣ ጥሩው ኮሌስትሮል በሴት ከ50 በታች ከሆነ ደግሞ (በዚያው መለኪያ) የአደጋ ምልክት ነው። ኪሎ መቀነስ ብቻውን ግቧ አይሁን፤ ጡንቻ የሚገነባ እንቅስቃሴ ያስፈልጋታል፣ አለበለዚያ ከቀጭኑ እጅና እግሯ ላይም ይቀነስባታል።

ለአንተ፦ ወገብህ ለ«ጡንቻ ነው» ይመሰክራል፤ 98 ቢሆን ኖሮ ብረት ማንሳትህ አያድንህም ነበር። ግፊትህን ግን ተለካ። ክንድህ ወፍራም ከሆነ ሰፊ መጠቅለያ እንዲያመጡልህ ጠይቅ፤ ጠባቡ የሌለ ግፊት ያሳያል፣ ያለ በቂ ምክንያት መድኃኒት ያስጀምራል።

«ቀጥታ»፦

ታዲያ ቢኤምአይን ለምን አንጥለውም? ሜትር ካለን ይበቃናል።

«ዶ/ር ሀ»፦

አይጣልም፤ የሚሳሳትበትን አቅጣጫ ማወቅ ነው ዋናው። 30 እና ከዚያ በላይ ሲሆን «ስብ በዝቷል» ማለቱ ብዙም አይሳሳትም። ጉድለቱ ከዚያ በታች ነው፤ የሰውነት ስባቸው በእርግጥ ከበዛ ሰዎች ግማሽ ያህሉን 30 የሚለው መስመር ያልፋቸዋል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቁጥር ይታመናል፣ መካከለኛ ቁጥር ግን ነጻ አያወጣም። በጥር 2025 በላንሴት መጽሔቶች የወጣው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ሰነድም ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ለመወሰን ከቢኤምአይ ጋር ቢያንስ አንድ ሌላ የሰውነት ልኬት ይጨመር ይላል፤ ቢኤምአይ ከ40 በላይ ከሆነ ብቻ ተጨማሪ ልኬት አያስፈልግም። ከ18.5 በታች ሲሆንም የምግብ እጥረትንና የተደበቀ ሕመምን ለመጠርጠር ጥሩ ደወል ነው።

ጭራሽ የማይሠራባቸውም አሉ። ነፍሰ ጡር ሴት፤ ለእሷ ከእርግዝና በፊት የነበረው ቁጥር ነው የሚያዘው። በልብ፣ በኩላሊት ወይም በጉበት ሕመም ውሃ የቋጠረ ሰው፤ የሚመዘነው ውሃው ነው። እግር ወይም እጅ የተቆረጠበት ሰው።

«ብረት»፦

የስብ መቶኛ የሚያወጣው የቤት ሚዛንስ?

«ቁጥር ወዳድ»፦

በእግርህ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልክና ምን ያህል እንደተቋቋመው ያነባል። ውሃ ያሳልፋል፣ ስብ ያግዳል፤ ከዚያ ዕድሜህንና ቁመትህን ጨምሮ ይገምታል። ላብ ካፈሰስክ በኋላ ከቆምክበት ስብህ የጨመረ ያስመስላል። በእግር ብቻ የሚለካው ደግሞ ከወገብ በላይ ያለውን በአብዛኛው በግምት ነው የሚሞላው። በተመሳሳይ ሰዓትና ሁኔታ ከለካህ የወራት አካሄድ ያሳይሃል፤ የአንዱን ቀን ቁጥር አትያዝ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ሰው ባይወጣበት ይሻላል።

መልስ ከ«የሕፃናት ክፍል»፦

የልጁ ጥያቄ ተዘለለ፣ ለእኔ ግን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የአዋቂ ድንበር ለልጅ አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 19 ዓመት የተለየ ሰንጠረዥ አለው፤ በዕድሜና በጾታ ይነበባል። ለ9 ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛው ቢኤምአይ 16 ገደማ ነው። አስተውሉ፣ ያው 16 በአዋቂ መተግበሪያ «ክብደትህ አንሷል» ያስብላል። የክብደት መብዛት መስመሩ 18 ገደማ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት መስመሩ 20.5 ገደማ ነው። የልጅህ 18.9 ስለዚህ ከመጀመሪያው መስመር አልፏል፤ «ጤናማ» ያለው መተግበሪያ ዕድሜውን አልጠየቀህም።

ምግብ አትቀንሱበት፣ «ወፍረሃል» የሚል ቃልም ፊቱ አይነገር። በዚህ ዕድሜ የሚፈለገው ክብደቱ እያዘገመ ቁመቱ እንዲደርስበት ነው። 33 ኪሎ ላይ ቆይቶ ቁመቱ 1.38 ቢሆን 17.3 ይመጣል፤ ይህ የአንድ ዓመት ገደማ ዕድገት ነው። ጣፋጭ መጠጥን በውሃ መተካት፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት መሯሯጥ፣ በቂ እንቅልፍ። በየሦስት ወሩ ለክታችሁ ሰንጠረዡ ላይ ነጥብ አድርጉ፤ አንድ ነጥብ ምንም አይናገርም፣ ሦስት ነጥብ መንገዱን ያሳያል። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሰንጠረዡ ሌላ ነው።

«ሰናይ»፦

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ጥያቄ አለኝ። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፣ ቁመታቸው 1.70። ከአምስት ወር በፊት 74 ኪሎ ነበሩ፣ አሁን 68። መተግበሪያው ከ25.6 ወደ 23.5 ወርደዋል ብሎ እንኳን ደስ አላችሁ ይላል። ምግብ ለመቀነስ አላሰቡም ነበር።

«ዶ/ር ሀ»፦

ደስ አይበላችሁ፤ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። 6 ኪሎ ከ74 ላይ 8 በመቶ ነው። ሳይፈልጉት ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ 5 በመቶ ከጠፋ ቁጥሩ የትም ምድብ ቢያርፍ ይመረመራል። ስኳር፣ እንቅርት፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ካንሰር፣ ድብርት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የማይመች ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች፣ ሁሉም ይታያል። በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ የሚሄደው ጡንቻ ነው። ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር አምስት ጊዜ ተነስተው ይቀመጡ፣ እናንተ ሰዓት ያዙ፤ እንዳይወድቁ ወንበሩ ግድግዳ ይደገፍ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀባቸው ለሐኪሙ ንገሩ። የባታቸው ዙሪያ ከ31 ሴንቲሜትር ካነሰም እንዲሁ። ሁለቱን ኪሎዎች ከነቀናቸው ጽፋችሁ ያዙ፤ ቀበቷቸው ስንት ቀዳዳ ወደ ውስጥ እንደገባም ቁጠሩ።