የ26 ሰከንድ ልዩነት፦ ርቀቱ ለምን በዝቶ ወጣብኝ?

ጥያቄ (የፊዚክስ መምህር፣ ድሬዳዋ)
እንደምን ሰነበታችሁ? በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰበት ወቅት እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለው የወንድሜ ሱቅ ካሜራ የቀረጸውን ለተማሪዎቼ ማስተማሪያ ወስጃለሁ። በመደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች በመጀመሪያ ለአፍታ ይንቀጫቀጫሉ፤ ከ26 ሰከንድ በኋላ ደግሞ የተንጠለጠለው አምፖል ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል። ቀድሞ የሚደርሰውን የፒ ሞገድ ፍጥነት በሰከንድ 8፣ ተከትሎት የሚመጣውን የኤስ ሞገድ 4.5 ኪሎ ሜትር አድርጌ ከጊዜው ልዩነት እስከ መንቀጥቀጡ መነሻ ያለውን ርቀት ሳሰላ 267 ኪሎ ሜትር አገኘሁ፤ በካርታው ግን ከከዚራ እስከ ፈንታሌ ተራራ በቀጥታ መስመር 220 ገደማ ነው። የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው? ሐረር ጀጎል የምትኖረው እህቴ ምንም አልተሰማኝም ማለቷም አስገርሞኛል።

መልስ 1 (ጂኦፊዚክስ ያጠና)
መምህር፣ የስሌቱ አካሄድ ችግር የለበትም፤ የወሰዷቸው ፍጥነቶች ግን ከምድር ቅርፊት ሥር ባለው ማንትል ውስጥ ለሚጓዙ ሞገዶች የሚሠሩ ናቸው። በአህጉር ቅርፊት ውስጥ ፒ ሞገድ በሰከንድ 6፣ ኤስ ሞገድ ደግሞ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በእነዚህ ከተሰላ የጊዜው ልዩነት በ8.4 (የሁለቱ ፍጥነቶች ብዜት ለልዩነታቸው ሲካፈል) ይባዛል፤ 26 ሰከንድም 218 ኪሎ ሜትር ይሰጥዎታል። አምፖሉን ያወዛወዘው ኤልጂ የሚባለው ሞገድ ሳይሆን አይቀርም፤ እርሱም በቅርፊቱ ውስጥ ከላይና ከታች እየተንጸባረቀ የሚመጣ የኤስ ሞገዶች ጥርቅም ነው።

መልስ 2 (አባል፣ ሐረር)
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን 8.4 ለሁሉም ቦታ እንደማይሠራ ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው። የቅርፊቱ ውፍረት በደጋው ሥር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በሰሜን አፋር ግን እስከ 16 ኪሎ ሜትር ይሳሳል። ርቀቱ ከ200 ኪሎ ሜትር እየበለጠ ሲሄድ በማንትሉ አናት የሚሮጠው ፒ ሞገድ በቅርፊቱ ውስጥ የሚጓዘውን ይቀድመዋል፤ በእርስዎ ርቀት ሁለቱ ተቀራርበው ስለሚደርሱ ውጤቱ ብዙ አልተዛባም። በስምጥ ሸለቆውና በአፋር ሥር ያለው ማንትል ግን ትኩስና በከፊል የቀለጠ በመሆኑ ፒ ሞገድ 8 ሳይሞላ 7.5 አካባቢ ይቀራል፤ በማንትሉ የሚያልፈው ኤስ ሞገድም ኃይሉ ተመጥጦ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይቀራል። ኤልጂም ቢሆን የቅርፊቱ ውፍረት በድንገት በሚለወጥበት ስፍራ በእጅጉ ይዳከማል። ስለዚህ የትልቅ መንቀጥቀጥ ሞገድ እንኳ በአንዱ አቅጣጫ ርቆ ሲሰማ በሌላው ቶሎ ሊደክም ይችላል።

መልስ 3 (ሲቪል መሐንዲስ፣ ድሬዳዋ)
የእህትዎን ጉዳይ በተመለከተ፣ ከርቀቱ ይልቅ ከእግር ሥር ያለው መሬት ይወስናል። ሐረር ከፈንታሌ ያላት ርቀት ከድሬዳዋ የሚበልጠው በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከተማችን በአብዛኛው ደቻቱና ሌሎች ወንዞች ባመጡት ደለል ላይ ያረፈች ናት፤ ልል ደለል ደግሞ ከሥሩ የመጣውን ሞገድ ፍጥነቱን ቀንሶ ውዝዋዜውን ያጎላዋል። ጠንካራ አለት ላይ የቆመ ቤት ያን ያህል አይናወጥም። ሱቁ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነም ይመልከቱ፤ ላይኛው ፎቅ ከምድር ቤት ይበልጥ ይወዛወዛል።

ጠያቂው
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሱቁ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እህቴ ደግሞ ምድር ቤት ትኖራለች። ለተማሪዎቼ ሁለቱንም ስሌቶች ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ እጽፍላቸዋለሁ።