ለወንድ ልጅ የቆየ ስም፦ «ካሣ»፣ «አንዳርጋቸው» ወይስ «ስንሻው»?

ደረሰ (አዲስ አበባ)፦

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ባለቤቴ በሁለት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ልጃችንን ትወልዳለች፤ ወንድ መሆኑም ተነግሮናል። በመዋዕለ ሕፃናት በር ላይ አንድ ጊዜ ሲጠራ አምስት ስድስት ሕፃን የሚዞርበትን ስም ሁለታችንም አንፈልግም። አያቶቻችን ይጠሩባቸው ከነበሩት፣ ዛሬ ግን ለአራስ ልጅ ሲወጡ እምብዛም ከማይሰሙት ስሞች አንዱን ብንመልስ ደስ ይለናል። ካሣ፣ አንዳርጋቸውና ስንሻው ቀርተውናል። ካሣን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በ1847 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስም ሆኑ በ1864 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘውድ ከመጫናቸው በፊት የተጠሩበት፣ አጭርና ጠንካራ ስም ነው። እናቴ ግን ስሙን እንደሰማች ፊቷ ተለወጠ፤ «ካሣ የሚባለው የሞተበት ሰው ልጅ ነው፤ እኛ ምን ጠፍቶብን ነው ካሣ የምንቀበለው?» አለችኝ። ይህ የእናቴ ስጋት ብቻ ነው ወይስ ስሙ በእርግጥ እንዲህ ያለ ትርጉም ተሸክሟል? ልጁስ ትምህርት ቤት ሲገባ ይሣቅበት ይሆን?

የአማርኛ መምህር፦

እናትዎ የተናገሩት ከባዶ የመጣ አይደለም። ካሣ፣ ምትኩና ማስረሻ ብዙውን ጊዜ ልጅ ከሞተ በኋላ ለተወለደ ልጅ የሚወጡ ስሞች ነበሩ። ካሣ የተባለ ሁሉ በሞተ ወንድሙ ምትክ ተወልዷል ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ስሙን የሚሰማ ትልቅ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ አያቱ በጠሩት ቁጥር የሚሳቀቁበትን ስም ማውጣትም ለእኔ አይታየኝም።

አንዳርጋቸው ከሌላ ወገን ነው። እንደ ዳኛቸው፣ ደምሰውና በላቸው ሁሉ ለልጁ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ «አንድ አድርጋቸው» ማለት ነው። የሚዳኙት፣ የሚባሉት ወይም አንድ የሚደረጉት «እነርሱ» እነማን እንደሆኑ ስሙ አይናገርም። በርስት የሚከራከር ባላንጣ፣ የጎሪጥ የሚያይ ጎረቤት ወይም የተኳረፈ ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ እናት ልጇን ከደጅ ስትጠራ መልእክቱ አጥር ተሻግሮ ለሚመለከተው ይደርሳል። ከእነዚህ ሁሉ ለዘብ የሚለው አንዳርጋቸው ስለሆነ እርሱን ብትመርጡ አልቃወምም።

ይሁን እንጂ ማንኛውንም ስም ከመቁረጣችሁ በፊት ከእርስዎ ስም ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በእኛ ልማድ የቤተሰብ ስም ስለሌለ የልጅ ስም ከአባቱ ስም ተነጥሎ አይኖርም፤ ከቆዩት ስሞቻችን ብዙዎቹም ግሥ በመሆናቸው ሁለቱ ሲገጥሙ አንዳንዴ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣቸዋል። «ስንሻው ደረሰ» ማለት እኛ ስንፈልገው እርሱ መጣ ማለት ነው፤ ተፈልጎ እንዲህ ያለ ግጥምጥም አይገኝም። «ካሣ ደረሰ» ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከመድን ድርጅት የመጣ ማስታወቂያ ይመስላል። ልጁ ነገ አባት ሲሆን ደግሞ ስሙ ለወንዱም ለሴቷም ሁለተኛ ስም እንደሚሆን አይርሱ።

ደምሰው (ደብረ ብርሃን)፦

መምህሩ ስሜን ከጠቀሱት አይቀር እኔም ልመስክር። አባቴ በመሬት ጉዳይ ለዓመታት ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ነበር፤ እኔ ስወለድ «ደምሰው» ማለቱ ለማን እንደሆነ ቀበሌው ሁሉ ያውቅ ነበር። ትምህርት ቤት ማንም አልሣቀብኝም፤ ሰው የሚደነግጠው አሁን ነው፤ በስልክ ስሜን የሰማ ሁሉ ሽማግሌ ጠብቆ ይመጣና የ29 ዓመት ወጣት ያገኛል። የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው። የአባቴ ባላንጣ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቹም ጓደኞቼ ናቸው፤ እኔ ግን ያለቀን ክርክር ተሸክሜ እዞራለሁ። በ40 ቀኔ ካህኑ ያወጡልኝ የክርስትና ስም ገብረ መድኅን ነው፤ በዚያ የሚጠራኝ ግን የለም። ስለዚህ አንዳርጋቸው ለዘብ ያለ ነው በሚለው ብስማማም፣ ገና ያልተወለደን ልጅ በትእዛዝ መቀበል አልወድም።

እናት ከሜሪላንድ፦

እኛ «የጥንት ስም» ስንል የአክሱሙን ንጉሥ አስበን ልጃችንን ኢዛና አልነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ስንወስደው ሌሎች ሁለት ኢዛናዎች አገኘን። የነገሥታቱ ስሞች፣ ካሌብም ናኦድም፣ ጥንታዊ ይሁኑ እንጂ አሁን ያልተለመዱ አይደሉም፤ ከሰው አፍ የራቁት የገበሬ አያቶቻችን ስሞች ናቸው። መምህሩ ያሉት የስም ግጥምጥም ግን እዚህ ይፈርሳል። ልጃችን በመዝገብ የቤተሰብ ስም አድርጎ የያዘው የባለቤቴን አባት ስም ስለሆነ፣ የአባቱ ስም ከመካከል ወጥቷል። ወደ ውጭ የመሄድ ሐሳብ ካላችሁ የስሙን የላቲን አጻጻፍ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጀምሮ አንድ ዓይነት አድርጉት፤ አንዳርጋቸውን እዚህ ሦስት ቢሮዎች በሦስት ዓይነት ፊደል እንደሚጽፉት አልጠራጠርም።

ደረሰ (አዲስ አበባ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካሣን ትቼዋለሁ፤ መድን ድርጅት የሚለውን ካነበብሁ በኋላ ስሙን ያለ ሣቅ መጥራት አልቻልሁም። አቶ ደምሰው የጻፉትን ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አንብባ አንዳርጋቸውንም ሰረዘችው። ትናንት ማታ በረንዳ ላይ ወጥታ «ስንሻው! ና ግባ፣ መሽቷል!» ብላ ስትጣራ ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብለው ማን ጠፋ ብለው ጠየቁን። ለእናቴ ገና አልነገርናትም።