10ኛ ክፍል ላይ ናቹራል ወይስ ሶሻል? ልጃችንን ለሙያ ከአሁኑ እንዴት እናዘጋጃት? (አዳማ)

የፍራንኮ እናት (ጥያቄ)

ሰላም ለቤቱ። ልጃችን እዚሁ አዳማ በመንግሥት ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል ናት፣ ዕድሜዋ 16። ለሚቀጥለው ዓመት ናቹራል ወይም ሶሻል መምረጥ አለባት። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርዷ ይሄን ይመስላል፦ ሂሳብ 71፣ ፊዚክስ 58፣ ኬሚስትሪ 66፣ ባዮሎጂ 79፣ እንግሊዝኛ 62፣ ጂኦግራፊ 84። አባቷ ጤና እንድትማር ይፈልጋል። እሷን የሚያጓጓት የኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ የተበላሸ ምድጃና ሬዲዮ ካገኘች ትፈታዋለች። ዘመድ ደግሞ «ማትሪክ የሚያልፈው ስንት ሰው ነው? ሶሻል ትግባና ትገላገል» ይላል። ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ከትምህርት ቤቱስ ምን እንጠይቅ? ቴክኒክና ሙያን ከአሁኑ ማሰብ ተስፋ መቁረጥ ይሆንብናል ወይ? የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩን።

ጠመኔ

መጀመሪያ የዘመድን ምክር እንፈትሸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አሁን ስድስት ትምህርት ነው፣ ከ600 ይያዛል፣ ማለፊያው 300 ነው። ናቹራል፦ ሂሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ አፕቲቲውድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ። ሶሻል፦ ሂሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ አፕቲቲውድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ። ግማሹ፣ ማለትም 300ው ነጥብ፣ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ትምህርት ነው። ሂሳብና እንግሊዝኛ የሸሸ ተማሪ ሶሻል ገብቶም ያገኛቸዋል። በ2016 ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህ ቁጥር የሁለቱም ጎራ ድምር ነው፤ ሶሻል መግባት ብቻውን ያድናል ወይም አያድንም የሚያስብል ነገር የለውም።

ሁለተኛ፣ እርስዎና ባለቤትዎ ለጊዜው የምትከራከሩበት ጉዳይ የለም። ጤናም ኤሌክትሪካል ምሕንድስናም የሚገባው በናቹራል ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪም መጀመሪያ የፍሬሽማን የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፣ የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ «ዶክተር ወይስ ኢንጂነር» የሚለው ጭቅጭቅ ሁለት ሦስት ዓመት መቆየት ይችላል። ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ ቢያምራት ኖሮ ያኔ ሶሻል ይባል ነበር። ካርዷ ላይ ጂኦግራፊ 84 መሆኑ ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

አሳሳቢው ፊዚክስ 58 ነው። ቁጥሩን ይተዉትና የታረሙትን የፈተና ወረቀቶች ከመምህሩ ጠይቃ ታምጣ። የተሳሳተችውን እያንዳንዱን ጥያቄ በሦስት ክፈሉት፦ እንግሊዝኛውን ሳትረዳ የቀረች፣ ቀመሩን ያላወቀች፣ ቀመሩን አውቃ ስሌት ወይም የመለኪያ አሃድ ያበላሸች (ሴንቲሜትርን ወደ ሜትር ሳይቀይሩ ማስገባት የተለመደ ነው)። የመጀመሪያው ከበዛ የፊዚክስ አስጠኚ መቅጠር ገንዘብ ማባከን ነው፣ ችግሩ ቋንቋው ነው። እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ተምረው 9ኛ ላይ ሁሉም በእንግሊዝኛ ሲሆንባቸው ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ነው የሚወድቁት፤ ቤተሰብ ግን «ፊዚክስ አይሆንላትም» ብሎ ይደመድማል። መድኃኒቱ ከየምዕራፉ መጨረሻ ቁልፍ ቃላትን እያወጡ ትርጉሙን በራሷ ቋንቋ፣ ምሳሌውን በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው። በሳምንት 20 ቃል ይበቃል።

አፕቲቲውድን ሰው ይረሳዋል። ክፍል ውስጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ስለማይሰጥ መምህርም የለውም፣ ነገር ግን ከ600ው 100 ነጥብ ይዟል። የቃላት ዝምድና፣ የቁጥር ሰንሰለት፣ ከአንቀጽ መደምደሚያ ማውጣት ነው ይዘቱ። ከአሁኑ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አርባ አርባ ደቂቃ፣ ሰዓት ተይዞ ይሠራ። ሰዓት መያዙ ግዴታ ነው፦ በብዙዎቹ የቀድሞ ወረቀቶች እንግሊዝኛ 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ነበር፣ ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ማለት ነው። ቤት ተዝናንቶ 90 የሚያመጣ ልጅ አዳራሽ ውስጥ 40 ጥያቄ ሳይነካ የሚወጣው ለዚህ ነው። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር ስለሚፈተን አይጥ ይዞ፣ ረጅም ምንባብ ስክሪን ላይ እያነበቡ መልስ መምረጥን መለማመድ ያስፈልጋል።

ከትምህርት ቤቱ የሚጠየቀው፦ የታረመ ወረቀት እንዲመለስ፣ ማጠናከሪያ ትምህርት ያለበት ቀንና ሰዓት፣ ቤተ ሙከራ በመንፈቀ ዓመቱ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት፣ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሂሳብ) ማዕከል ተማሪ ሲቀበል ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደሚመርጥ። የመጨረሻውን ርእሰ መምህሩን በአካል ይጠይቁ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ ቀኑ አልፏል።

የወርክሾፕ ሰው

ጠመኔ ደህና አድርጎ ጀምሮታል፣ እኔ በኤሌክትሪኩ በኩል ልምጣ። ልጅቷ ሬዲዮ መፍታት መውደዷ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን መፍታትና ማወቅ ይለያያሉ። ሙያው ይስማማት እንደሆነ የሚታወቀው ከመለካቷ በፊት ውጤቱን በስሌት መተንበይ ደስ ካላት ነው። ይህን ቤት ውስጥ በትንሽ ወጪ መፈተን ይቻላል፦ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት ቀይ ኤልኢዲ (ትንንሽ አምፖል)፣ ባለ 470 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ በብዛት እንዳያልፍ የሚገድብ ዕቃ)፣ ጥቂት ሽቦ፣ ርካሽ ዲጂታል መልቲሜትር (ቮልትና አምፔር መለኪያ)። ሁሉም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ይገኛል።

ቀይ ኤልኢዲ ወደ 2 ቮልት ይወስዳል። ከ9ኙ 2 ሲቀነስ 7 ቮልት ሬዚስተሩ ላይ ይቀራል። 7 ለ470 ሲካፈል 0.015 አምፔር፣ ማለትም 15 ሚሊአምፔር ነው፤ ለኤልኢዲው ይመቸዋል። ሁለቱን ኤልኢዲ በተከታታይ ብታገናኝስ? 9 ሲቀነስ 4 አምስት ይሆናል፣ ለ470 ሲካፈል 11 ሚሊአምፔር ገደማ። መጀመሪያ ደብተሯ ላይ ትጻፈው፣ ከዚያ ትለካው። ልዩነት ከመጣ ለምን እንደመጣ ትፈልግ (ባትሪው ደክሞ 8.3 ሊሆን ይችላል)። የ58ቱ ፊዚክስ ግማሽ መፍትሔ እዚህ ውስጥ አለ፤ የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ይኸው ነው።

የሚበላሸው ነገር ይታወቃል። ኤልኢዲ ያለ ሬዚስተር ከባትሪው ጋር ሲገናኝ ይቃጠላል። ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው፣ ከተገለበጠ አይበራም። መልቲሜትሩ አምፔር ላይ ተደርጎ በቀጥታ ባትሪው ጫፎች ላይ ከተቀመጠ የውስጡ ፊውዝ ሊቃጠል ይችላል፤ ቮልት ሲለካ ትይዩ፣ አምፔር ሲለካ ሰርኪዩቱ ተቆርጦ መሃል ነው የሚገባው።

ምድጃ መፍታቱን ግን ለጊዜው ያስቁሙ። የቤት መስመር 220 ቮልት ነው፤ ማጥፊያው ስለጠፋ ብቻ መስመሩ ሞቷል ማለት አይደለም፣ ማጥፊያው የተገጠመው ኒውትራሉ (መመለሻው ሽቦ) ላይ ከሆነ ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) ዕቃው ውስጥ እንዳለ ነው። ከሶኬት ያልተነቀለ ዕቃ አይነካም። ይልቅ በስሌት ትያዘው፦ 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ቀጭን ገመድና ልል ሶኬት ለምን እንደሚቀልጥ ከዚህ ተነሥታ ለቤተሰቡ ታስረዳ።

ቴክኒክና ሙያን በተመለከተ፦ ከአሁኑ ማሰብ ተስፋ መቁረጥ አይደለም፣ መጨረሻ ላይ ማሰብ ነው ተስፋ መቁረጥ። ውጤት ከወጣ በኋላ ተጣድፎ የሚመዘገብ ልጅ ክፍት ቦታ ያለበት ሙያ ውስጥ ይገባል እንጂ የሚፈልገው ውስጥ አይደለም። ሥልጠናው በደረጃ ነው፤ በአሠራሩ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ይጠበቃል። ኮሌጅ ሄዳችሁ ስትጎበኙ ወርክሾፑን እዩ፦ ለአንድ የሥራ ጠረጴዛ ስንት ሠልጣኝ ይደርሰዋል? የሚለማመዱበት ሽቦ ይታደላቸዋል ወይስ አንዱን እየቀጠሉ ነው? ለትብብር ሥልጠና የሚላኩት የት ነው? ለመላክ የሚፈራረሙበት ድርጅት ስም ካልተነገራችሁ ተጠራጠሩ። ደግሞም ከሥልጠናው በኋላ የብቃት ምዘናው፣ ሲኦሲው፣ አለ። የኮሌጁን ሰርተፊኬት ይዘው ምዘናውን ሳይወስዱ የሚቀሩ አሉ፤ ቀጣሪው የሚጠይቀው ግን የምዘናውን ማረጋገጫ ነው።

አዳማ ለዚህ ሙያ መጥፎ ቦታ አይደለችም። የአዳማ አንድና ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች (51 እና 153 ሜጋ ዋት) አሉ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ሆቴሉ ሁሉ ጄኔሬተርና ፓምፕ አለው። የሆቴል ጥገና ክፍልን ሰው ይንቀዋል፣ ነገር ግን ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧና ማቀዝቀዣ ባንድ ላይ የሚታይበት ነው።

ማኅተም

በወረቀት በኩል ብቻ። የልጅቷ ስም በልደት ሰርተፊኬት፣ በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ በፋይዳና በትምህርት ቤቱ መዝገብ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን ዛሬ አስተያዩት። አንድ ፊደል ቢለያይ የ12ኛ ክፍል ምዝገባ ከመጠናቀቁ በፊት ማስተካከል የአንድ ማመልከቻ ሥራ ነው፣ ውጤት ከወጣ በኋላ ግን መንከራተት ነው። የየዓመቱን ካርድ ዋናውንና ኮፒውን አስቀምጡ።

የግል ኮሌጅ ካሰባችሁ የዕውቅና ፈቃዱን በዓይናችሁ እዩ። ፈቃድ ለትምህርት ዘርፉ፣ ለደረጃው፣ ለካምፓሱና ለጊዜው ተለይቶ ነው የሚሰጠው። ሌላ ከተማ ያለው ቅርንጫፍ ፈቃድ ስላለው የአዳማው አለው ማለት አይደለም። ለዲግሪ ደግሞ የግልም ቢሆን 50 በመቶው ይጠየቃል፤ «ያለ ውጤት እናስገባለን» ያለ ካለ በሩን ዘግታችሁ ውጡ። ማለፊያውን ያላመጣች እንደሆነ በየዓመቱ የሚወሰነውን ነጥብ ካሟላች ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) አለ።

አንድ ሌላ ነገር፦ በኦሮሚያ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። ስትናገር ደህና ሆና በቁቤ (በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል) መጻፍ የማትችል ከሆነ ከአሁኑ ትያዘው።

የፍራንኮ እናት

እግዜር ይስጥልኝ፣ የጠበቅኩት ይህን ያህል አልነበረም። ሁለት ነገር ልጨምር። ክረምት ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ጥገና ሱቅ ብናስገባት በ16 ዓመቷ ይቻላል? ትምህርት ቤቱ ደግሞ የሙያ አማካሪ የለውም።

ማኅተም

ይቻላል፣ በገደብ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት ሠራተኛ ይባላል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍትና በበዓል ቀን አይሠራም። ለእርስዎ ልጅ የሚመለከተው ደግሞ ይኸውና፦ ከኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ ከትራንስፎርመርና ከማስተላለፊያ መስመር ጋር የተያያዘ ሥራ ለወጣት ሠራተኛ ክልክል ነው። የራዲዮና የፓምፕ ጥገና ሱቅ ሌላ ነው። ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለው የትብብር ደብዳቤ ያስጽፉ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ ይጻፍበት።

ቀለም ቀንድ

ይቅርታ አድርጉልኝና አልስማማም። ክረምቱን በሙሉ ሱቅ ማዋል ለ11ኛ ክፍል አይጠቅማትም። የ11ኛ ሂሳብና ፊዚክስ ከ10ኛው በጣም ይከብዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ለዚያ ነው መዋል ያለባቸው። ሙያ ከማትሪክ በኋላም ይደርሳል።

ጠመኔ

ቀለም ቀንድ ከፊሉን እውነት ብሏል። ሙሉ ክረምት አይደለም፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ጠዋቱ ለሂሳብ። ሱቁም ያለ ጥያቄ ከገባች ሻይ አምጪ ሆና ትወጣለች። በየቀኑ አንድ የተበላሸ ዕቃ መርጣ አራት ነገር ትመዝግብ፦ ደንበኛው ምን ብሎ አመጣው፣ ባለሙያው መጀመሪያ ምን ለካ፣ የተበላሸው ክፍል የትኛው ሆነ፣ ስንት ተከፈለበት። የመጨረሻውን አትተወው፤ ሙያው መተዳደሪያ ይሆናት እንደሆነ የሚታየው በእሱ ነው።

አማካሪ ከሌለ የክፍል ኃላፊ መምህሯን፣ የፊዚክስ መምህሩንና የወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረቱን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ በመንፈቀ ዓመት አንዴ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ባለሙያ ይጋበዝ። እንግዳውን «ስለ ሙያዎ ይንገሩን» ካላችሁት ምክር ይመክራል። «ትላንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠሩ? የትኛው የ10ኛ ክፍል ትምህርት ይጠቅምዎታል?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ስጡት።

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂን ካሰበች የራሱ የመግቢያ ፈተና እንዳለው ትወቅ፤ ማትሪክ ማለፍ ብቻ አያስገባም። ሕክምና ደግሞ እዚያ የለም፣ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ነው ያለው። አባቷ ሁለቱንም አንድ ቀን ይዟት ይሂድ፣ ተማሪዎቹን በር ላይ ታናግር።

የወርክሾፕ ሰው

ሱቅ ስትሄድ የተዘጋ ጫማ፣ ፀጉር የታሰረ፣ ቀለበትና የእጅ ሰንሰለት የወለቀ፣ ነጠላም ሆነ ሻርፕ የለም። ባለሙያው ካፓሲተሩን (ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ የሚቆይ ክፍል) ሳያራግፍ የዕቃውን ሰሌዳ የሚነካ ከሆነ ሌላ ሱቅ ፈልጉላት።