የኒውካስሉ ዟሪ ድልድይ እንደገና ይዙር ወይስ ቆሞ ይቅር?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። እንግሊዝ አገር፣ ኒውካስልና ጌትስሄድ መካከል በሚያልፈው ታይን ወንዝ ላይ በ1876 (በፈረንጆች) የተከፈተ ዟሪ ድልድይ አለ። መርከብ ሲመጣ ወደ ላይ አይነሳም። መሃል ወንዝ ላይ ባለው ምሶሶው ሩብ ዙር ይዞርና በግራም በቀኝም ያሳልፋል። ከ2019 ወዲህ ግን ለዓመታት ሳይዞር ቆመ። ገንዘብ ወጥቶበት ይጠገን ወይስ መንገድ ብቻ ሆኖ ይቅር?

እኔ ይዙር ባይ ነኝ። ቦታው ላይ መጀመሪያ ሮማውያን ድልድይ ነበራቸው። የመካከለኛውን ዘመን ድልድይ የ1771 ጎርፍ ወሰደው። በምትኩ የተሠራው ቅስቶቹ ዝቅ ስላሉ ትልልቅ መርከብ አላሳልፍ አለ። ይሄኛው የተሠራው እንዲዞር ነው፤ ካልዞረ ታሪኩ ጎደለ።

የኒውካስል ነዋሪ፦
ወንድሜ፣ ለማን ብሎ ይዞራል? ድሮ ከድልድዩ ወዲያ የመርከብና የመድፍ ፋብሪካ፣ የከሰል መጫኛም ነበር። ዛሬ የሉም። እኔ በእግሬ እሻገርበታለሁ፣ ይበቃኛል። ብሩ ለቀለሙና ለብረቱ ይዋል።

መካኒኩ፦
እህቴ፣ ብረቱን የሚያድነውም መንቀሳቀሱ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ዝም ብሎ ከቆመ ይጣበቃል። አሠራሩን እዩት እስቲ፦ ፓምፕ ውሃ እየገፋ ከባድ ክብደት ያነሳል፤ ክብደቱ ተመልሶ ሲጫን በሚፈጥረው ግፊት ድልድዩ ይዞራል። ፓምፑ ድሮ በእንፋሎት ነበር፣ በኋላ ኤሌክትሪክ ሆነ። ይህን ፎቶ አያስተምርም። ልጅ ቆሞ ሲዞር ማየት አለበት።

የታሪክ ተማሪ፦
የሠራው የዊልያም አርምስትሮንግ ድርጅት ነው፤ የመድፍ ፋብሪካው ባለቤት። መጀመሪያ ያለፈችው መርከብም ‹ዩሮፓ› የምትባል የጣልያን መርከብ ናት፤ 100 ቶን የሚመዝን መድፍ ልትጭን። ከ20 ዓመት በኋላ አድዋ ላይ የገጠምናት ጣልያን! ይሄ ሳይነገር ድልድዩ ብቻ መወደሱ ያመኛል።

አወያይ፦
ልክ ነህ፣ ይነገር። መድፉ ግን የባሕር ኃይል ነው፣ አድዋ አልመጣም። ደግሞ ድልድዩ ሲዞር ‹ለምን ተሠራ?› የሚል ሰው ይበዛል፤ ያኔ የመድፉም ነገር ይነሳል።

የኒውካስል ነዋሪ፦
በዓመት ጥቂት ቀን፣ ለሕዝብ ማሳያ ከሆነ እስማማለሁ። በየሳምንቱ መንገድ ተዘግቶ ግን አይሆንም።

መካኒኩ፦
ለማሽኑም ይበቃል። ዋናው ሳይቋረጥ መዞሩ ነው።